ሶዶ የሚደመጠው የት ነው?

በወላይታ ሶዶ የቀጥታ ሙዚቃ የለም የሚሉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ሙዚቃን በማስታወቂያ የሚፈልጉ ናቸው። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ፖስተር፣ በር ላይ የሚቆረጥ ትኬት፣ መድረክ ፊት የተደረደረ ወንበር ይጠብቃሉ። ይህን የጠበቀ ሰው አልፎ አልፎ ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ዝነኛ ድምፃዊ ይሰለፍና የቀረውን ጊዜ ከተማው ድምፅ የለውም እያለ ያሳልፋል። እኔ እንጀራዬ ኪቦርድ ነው፤ ሶዶ ዝም ያለችበትን ሳምንት አላውቅም። የዚህ አገር ሙዚቃ የሚገኘው ሰው ለሌላ ጉዳይ በተሰበሰበበት ነው፤ ለሠርግ፣ ለጸሎት፣ ለለቅሶ፣ ለበዓል፣ ለራት። ሙዚቃን ለሙዚቃነቱ ብቻ ብሎ የሚሰበሰብ ሰው ግን እስካሁን ቦታ አላገኘም። የዛሬው ጽሑፍ ጆሮ ላለው ሰው የአንድ ሳምንት መመሪያ ነው፤ እግረ መንገዴን ያቺን የጠፋች ቦታም እፈልጋለሁ።

ሳምንቱን የመረጥኩት ከጥር ነው። ጥምቀት አልፎ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ያለው ጊዜ ሙዚቀኛ ስልኩን የማያጠፋበት ነው፤ ሠርግ በሠርግ ላይ ይደራረባል። ጾሙ ሲገባ በሰሜኑም በአዲስ አበባም የሠርግ ሥራ ይቆማል። እዚህ ግን ነገሩ ይለያል። በ1999ኙ የሕዝብና ቤት ቆጠራ የወላይታ ዞን ነዋሪ ከ1.5 ሚሊዮን ጥቂት በልጦ ነበር፤ ከዚህ ውስጥ ከ70 በመቶ በላይ የሆነው ፕሮቴስታንት ነበር። ስለዚህ በጾሙም ወራት ሠርግ አለ፤ በዚያ ሠርግ ላይ የሚፈለገው ግን ብዙ ጊዜ ዘፈን ሳይሆን መዝሙር ነው። የሶዶን ሙዚቀኛ ኑሮ ለመረዳት ከዚህ ቁጥር መነሳት ይበቃል። ጥሩ ተጫዋች የበዛበት፣ ዘፈን የሚያሠራ ቤት ግን ያነሰበት ከተማ ነው። ሰኔ ሲገባና ዝናቡ ሲጠነክር ደግሞ ሁሉም ይቀዘቅዛል፤ ኪቦርዱ በላስቲክ ይሸፈናል፣ ባለቤቱም ሌላ ሥራ ይፈልጋል።

ሰኞ

ሰኞ ለሰሚ የሚሆን ነገር ጥቂት ነው። ቅዳሜና እሑድ የሠራ ሙዚቀኛ ሰኞ ይተኛል፤ ከሰዓት በኋላ ተነስቶ የተበጠሰ ኬብል ይበይዳል፣ ያልተከፈለውን ቀሪ ሒሳብ ለመጠየቅ ይደውላል። ሰሚ ግን ቀኑን ለአንድ የቤት ሥራ ይጠቀምበት፤ የወላይታን ምት ጆሮው ይልመድ። ዎጌታ ኤፍ ኤምን ይክፈትና ዘፈኑን ሳይሆን ከዘፈኑ ሥር ያለውን ከበሮ ይከተል። ለብዙ ሰው ወላይትኛ ማለት ፈጣን ምት ማለት ነው። ፈጣንነቱ እውነት ነው፤ ፍጥነት ብቻውን ግን ወላይትኛ አያደርግም። ጭፈራው ከትከሻ ይልቅ ወገብ ላይ ነው፤ ምቱም ክብደቱን ወደ ታች ይጥላል። እስክስታ ሲመታ ያደገ ከበሮ መቺ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሞክረው ወዲያው ይታወቅበታል። ፍጥነቱን ይደርስበታል፣ ወገብ ግን አያነሳም።

ኪቦርድ ከሱቅ ሲወጣ ቦሳኖቫ አለው፣ ቫልስ አለው፤ ወላይትኛ የለውም። የሚበዛው ተጫዋች ምቱን በጣቱ እየመታ ራሱ ሠርቶ አስቀምጦታል፤ የሌላው ከተሻለም በፍላሽ ይቀባበሉታል። "የሚጫወተው እኮ ማሽኑ ነው" የሚል ታዳሚ ሁልጊዜ አለ። እንዲህ ላለው ሰው ኃይሉ መርጊያን እጠራለሁ። ኃይሉ የዋሊያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1981 ባንዱ ወደ አሜሪካ ሲሄድ እዚያው ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1985 "ሸሞንሟናዬ" የተሰኘውን ካሴት ሲሠራ አኮርዲዮኑን፣ ሲንተሳይዘሩንና ሪትም ማሽኑን ይዞ ብቻውን ነበር። ከዚያ በኋላ ለዓመታት በዋሽንግተን ታክሲ ነዳ፤ ካሴቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ዳግም ሲታተም ዓለም ፈልጎ አገኘውና እንደገና መድረክ ላይ ወጣ። ማሽኑ ምቱን ይዞለት ነበር፤ ዜማው ግን በእጁ ነበር።

ስለዚህ ቀጥታ ሙዚቃን የምለካው መድረክ ላይ በቆመው ሰው ብዛት አይደለም። መለኪያዬ እጁ ክፍሉን ይሰማል ወይ የሚል ነው። ሰው ለጭፈራ ሲነሳ ዘፈኑን ያስረዝመዋል? ሽማግሌዎች ሲገቡ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል? ድምፃዊው ሲደክመው ዜማውን ተቀብሎ ያሳርፈዋል? እነዚህን የሚያደርግ አንድ ሰው፣ እርስ በርሱ ከማይሰማማ የስድስት ሰው ባንድ ይበልጥ ቀጥታ ነው።

ማክሰኞና ረቡዕ

የሶዶ ልጅ ሙዚቃ የሚማረው በመዘምራን ነው። አዲስ አበባ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት አላት፤ እዚህ የኪቦርድ፣ የቤዝ ጊታርና የድራም መምህሩ ከእኛ በሁለት ዓመት የሚበልጠን የኳየር ልጅ ነው። በሳምንቱ መካከል ወደ ማምሻው ላይ በየአጥቢያው ልምምድ አለ። ሶፕራኖው ለብቻ፣ አልቶው ለብቻ፣ ቴነሩ ለብቻ ዜማውን ያጠናና በመጨረሻ ይገናኛል። የተገናኘበት ቅጽበት ላይ የደረሰ ሰው በከተማው ውስጥ ካሉት ድምፆች ሁሉ በጣም የተጣራውን ሰምቷል።

ይህ ነገር ሥር አለው። የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ሰዎች ወላይታ የደረሱት እ.ኤ.አ. በ1928 ነው። ጣልያን ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ሲያስወጣቸው ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ ምእመናን ከመቶ በታች ነበሩ፤ ከነጻነት በኋላ ሲመለሱ በሺዎች ሆነው አገኟቸው። ዛሬ የቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ከምትታወቅባቸው አካባቢዎች ቀዳሚው ወላይታ ነው። መጽሐፉ ጥቂት፣ ማንበብ የሚችለውም ጥቂት በነበረበት በዚያ ዘመን እምነቱ ከአፍ ወደ አፍ ሲያልፍ ዜማ ትልቅ ሸክም ተሸክሟል። ኅብረት ዝማሬ እዚህ አገር ለጌጥ የተጨመረ ነገር አይደለም፤ ሰዎቹ የተሰባሰቡበት ገመድ ነው።

ልምምድ መስማት የሚፈልግ እንግዳ አስቀድሞ የመዘምራኑን መሪ ያስፈቅድ፤ ብዙ ጊዜ እንቢ አይሉም። ከኋላ ይቀመጥ፤ ስልኩን ኪሱ ውስጥ ይተው፤ ገንዘብ አውጥቶ ለመሸለም ደግሞ አይሞክር፤ ያሳፍራል። ሲጨርሱ "ተባረኩ" ማለት ይበቃል። ኦርቶዶክሳዊ ዜማ የሚወድ ደግሞ የወር በዓል ዋዜማን ይጠብቅና ሌሊት ማሕሌት ይቁም፤ ከበሮና ጸናጽል በዝግታ ተነስቶ እንዴት እንደሚፋፋም ለከበሮ መቺ ሁሉ ትምህርት ነው።

በእነዚህ ሁለት ቀናት የሚያዳምጠው ሰው ግን ሐሙስ ማታ ሆቴል ውስጥ አይገኝም። ተጫዋቹ ምናልባት አንድ ነው፤ ሰሚው ግን በጭራሽ አንድ አይደለም። ከኳየር ወጥቶ ሆቴል የገባ ልጅ ላይ የሚወርደው ወቀሳ ቀላል አይደለም። እኔንም እናቴ ያለችኝ አይረሳኝም፤ "አንተ ልጅ፣ ያንን ጣት ማን ሰጠህ?" መልስ አልነበረኝም፤ ዛሬም የለኝም። ብቻ የቤት ኪራይ በዝማሬ አይከፈልም፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የምናገለግለው በነጻ ነው፣ መሆን ያለበትም እንደዚያ ነው።

ሐሙስ

ሐሙስ የሆቴል ምሽት ይጀምራል። እዚህ ላይ ሰሚው ሦስት ነገር ለይቶ ይወቅ፤ ሙሉ ባንድ፣ ኪቦርድና ድምፃዊ፣ ፕሌይባክ። ሙሉ ባንድ ብርቅ ነው፤ ከተገኘ ሌላ ቀጠሮ ይሰረዝ። ኪቦርድና ድምፃዊ የተለመደው ነው። ፕሌይባክ ደግሞ ሙዚቃው ተቀድቶ የመጣና ድምፃዊው ከላዩ ላይ የሚዘፍንበት ነው፤ አንዳንዴ ድምፁ ራሱ አብሮ ተቀድቷል። መለየት ቀላል ነው። ማይኩን ከአፉ ሲያርቅ ድምፁ ካልራቀ፣ እየሰማችሁ ያላችሁት ፍላሽ ነው።

ከሞንታርቦው ፊት ለፊት አትቀመጡ። ባለቤቱ ድምፁን በጩኸት ስለሚለካው እዚያ ያለ ሰው ከራቱ በፊት ራስ ምታት ይዞት ይሄዳል። ሚክሰሩ ያለበትን ፈልጋችሁ አጠገቡ ተቀመጡ፤ ባለሙያው ድምፁን የሚያስተካክለው እዚያ ሆኖ በሚሰማው ነው። ከምሽቱ 2 ሰዓት በፊት መምጣት ትርፍ የለውም፤ ከ4 ሰዓት በኋላ ደግሞ ሙዚቃው ለሰካራም ይሆናል። ዘፈን ለመጠየቅ ቢያንስ ድምፃዊው ላብ እስኪያወጣ ጠብቁ። የድምፃዊ ኮይሻ ሴታን ዘፈን የሚጠይቅ ታዳሚ በየምሽቱ አይጠፋም፤ ሲጀመርም ሥጋው እጁ ላይ ያለ ሰው ሳይቀር ይነሳል።

ስለ ሽልማት ደግሞ ግልጽ እንነጋገር። ግንባር ላይ የሚለጠፍ ብር እንደ ቤቱ ስምምነት ወይ የድምፃዊው ነው ወይ ይካፈላሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን የሚደርሰው ለሚታየው ሰው ነው። ከበሮው ካስደሰታችሁ ለከበሮ መቺው በእጁ ስጡት። የዘፈኑን ደራሲ ደግሞ ማንም አያስታውሰውም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 እና ማሻሻያው አዋጅ ቁጥር 872/2007 የፈጠራ ሥራ በአደባባይ ሲቀርብ ባለቤቱ ተጠቃሚ እንዲሆን ይደነግጋሉ። በየምሽቱ የሰው ዘፈን ስንጫወት ከሒሳቡ ላይ ለደራሲው የሚቆረጥ ነገር ግን አላየሁም።

አንድ ባለሆቴል ድራምና ቤዝ ጨምሬ ልምጣ ብላቸው "ወንድሜ፣ ሰው የመጣው ለሥጋው ነው፤ አንተ ከኪቦርድህ ጋር ብቻህን ብትመጣ ይበቃኛል" አሉኝ። ስድብ አልነበረም፤ ሒሳብ ነበር። ለባለሆቴል እኛ ዳጣ ነን። ማንም ለብቻው አያዝዘንም፤ ከጠፋን ግን ሥጋው አይወርድም። ዋጋችንም የሚወጣው ከተሸጠው ቢራ ነው። ታዳሚው ብዙ ከጠጣ ነገ እንጠራለን፤ ቁጭ ብሎ በጥሞና ካዳመጠ ግን ለቤቱ ኪሳራ ነው። ጥሩ ሰሚ ኪሳራ የሚሆንበት ሥራ ውስጥ ጥሩ ሙዚቃ ለረጅም ጊዜ አይቆይም።

ዓርብ

ዓርብ ማታ ሰው ከቤት የሚወጣበት ነው፤ አብዛኛውን የሚወስደው ግን ዲጄ ነው። ዲጄውን አልወቅስም። አንድ ሰው፣ አንድ ላፕቶፕ፣ የማይታመም ጉሮሮ። ይልቅ ይህን ቀን የሌለውን ለማሰብ እጠቀምበታለሁ።

ዋሊያስ ባንድን ዋሊያስ ያደረገው አንድ ሆቴል ነው። በደርግ ዘመን በአዲስ አበባ ሒልተን ቋሚ ባንድ ሆነው ይጫወቱ ነበር። በየምሽቱ አንድ መድረክ ላይ፣ እነዚያው ሰዎች። እ.ኤ.አ. በ1977 ያሳተሙት "ጨበለው" ዛሬም በዓለም የሚፈለግ የመሣሪያ ሙዚቃ ሸክላ ነው። እንዲያ ያለ መናበብ በአንድ የሠርግ ቅዳሜ አይመጣም። የሚመጣው ሰዎቹ ነገም ከነገ ወዲያም አብረው እንደሚጫወቱ ሲያውቁ ነው።

ሆቴል ብቻም አይደለም። ካዛንቺስ የነበረው ፈንድቃ ከአንዲት አዝማሪ ቤት ተነስቶ በተወዛዋዡ መላኩ በላይ እጅ የታወቀ የሙዚቃ ቦታ ሆነ። ሰው ወደዚያ ሲሄድ የትኛው ቀን የትኛው ሙዚቃ እንዳለ ያውቅ ነበር። ጣይቱ ሆቴል ውስጥ የነበረው ጃዝአምባም እንዲሁ ነበር። ጃዝአምባ በጥር 2007 ከሆቴሉ ጋር ተቃጠለ፤ የፈንድቃ ቤትም በ2017 ካዛንቺስ ስትፈርስ አብሮ ሄደ። ቦታ ምን ያህል በቀላሉ እንደሚጠፋ የሚያሳዩ ናቸው፤ ቦታ ሲኖር ምን እንደሚወለድም እንዲሁ። ሶዶ ግን ያልነበራትን ማጣት አትችልም። የእኛ ችግር ከእነሱ አንድ ደረጃ ይቀድማል።

ቅዳሜ

ቅዳሜ ሠርግ ነው። ግብዣ የሌለው ሰው እንዴት ይሰማል የሚል ካለ፣ ወላይታን አያውቅም። ዱንጉዛ የለበሰ አጃቢ በመንገድ ሲያልፍ ማጨብጨብ ከጀመራችሁ ከሰልፉ ውስጥ ናችሁ። አዳራሹ ውስጥ የሚሰማው ግን ከሠርጉ ሙዚቃ ሁሉ ደካማው ነው። ሙሽሮች ሲገቡ ሙዚቃ፣ ኬክ ሲቆረጥ ሙዚቃ፣ ቪዲዮ አንሺው "አንዴ ይደገም" ሲል ደግሞ ሙዚቃ። ተጫዋቹ የሚከተለው ካሜራውን እንጂ ሰውን አይደለም።

እውነተኛው ከዚያ በፊት፣ በዋዜማው ማታ ግቢ ውስጥ ነው። ሴቶቹ ከበሮውን ይዘው ይቀመጣሉ፤ አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። የሙሽራውን አጎት ያሞግሳሉ፣ የሙሽሪትን ወገን በለሰለሰ ነገር ይወጋሉ፣ ብር ያልሰጠውን ቆጣቢ በስሙ ይጠሩታል። ግጥሙ እዚያው ይፈጠራል፤ ነገ የለም። በዚህ ላይ ኪቦርድ ጨምር ስባል ዝም ብዬ ምቱን ብቻ እይዛለሁ። ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር እንዲሉ፣ እነዚያ እናቶች በሁለት መዳፍ የሚያደርጉትን እኔ በፕሮግራም እስካሁን አልደረስኩበትም።

ሌላም የሚጠበቅ ነገር አለ፤ መብራት። በሠርግ መካከል መብራት ይጠፋና ጀነሬተሩ እስኪነሳ ሞንታርቦው ድንገት ዝም ይላል። ባለሠርጉ ይደነግጣል፤ እኔ አልደነግጥም። ከአንድ ጥግ ጭብጨባ ይነሳል፣ አንድ ወፍራም የወንድ ድምፅ ዜማ ያወጣል፣ አዳራሹ በሙሉ ይቀበላል። መብራቱ ሲመለስ ሰዎቹ እኛን እንደገና ለመስማት ቅሬታ ያለበት ፊት ያሳያሉ። ትክክል ናቸው።

እሑድ

እሑድ ጠዋት ማክሰኞና ረቡዕ የተለማመዱት መዘምራን ነጭ ለብሰው ይቆማሉ። ልምምዱን የሰማ ሰው አሁን ሌላ ነገር ይሰማል፤ ምእመኑ ሲቀላቀል ያ የተጣራ ዜማ ጠርዙን ያጣል፣ ኃይልን ግን ያገኛል። ቀደም ብሎ መግባት ይሻላል፤ የዘገየ የሚቆመው ውጭ ነው።

ከሰዓት በኋላ ድሮ ቢሆን ወደ ስታዲየም እልካችሁ ነበር። የከተማው እግር ኳስ ክለብ ወላይታ ድቻ እ.ኤ.አ. በ2018 የግብፁን ዛማሌክ ከኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ሲያስወጣ ይህ ከተማ የዘፈነውን ዘፈን የትኛውም ባንድ አልዘፈነውም። ፕሪምየር ሊጉ በተመረጡ ከተሞች በዙር መካሄድ ከጀመረ ወዲህ ግን ሶዶ ላይ በየሳምንቱ ጨዋታ የለም። ጨዋታው እዚህ ሲመደብ ደጋፊው መካከል ግቡ፤ ኳሱን ባታዩም ጥሪና መልሱን ትማራላችሁ።

ለቅሶ ቀን አይመርጥም፤ ስለዚህ በዚህ መመሪያ ቦታ አልሰጠሁትም። ከደረሳችሁ ግን እንደ ሰሚ አትሂዱ። እንደ ለቀስተኛ ሂዱ፣ ተቀመጡ፣ አብራችሁ አልቅሱ፤ የምትሰሙትንም ለማንም አትቅረጹ።

እሑድን ሳነሳ አንዱን እሑድ መዝለል አልችልም። ጊፋታ፣ የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ከመስከረም 14 እስከ 20 ባለው ጊዜ በሚውለው እሑድ ይከበራል። የሩቅ ሰው በዓመት አንድ ቀን ብቻ መምጣት ከቻለ ያን ቀን ይምረጥ። ወጣቱ ጋዜ እየጨፈረ ከሰፈር ሰፈር ይዞራል፤ ዛዬና ዲንካ የተባሉት የትንፋሽ መሣሪያዎች ከተሰቀሉበት ይወርዳሉ። ዲንካ ለብቻ የሚጫወቱት መሣሪያ አይደለም፤ እያንዳንዱ ነፊ የራሱን ድምፅ ይዞ ተራውን ጠብቆ ይገባል፣ ዜማው የሚገኘውም ከሁሉም መካከል ነው። አንድ ሰው ቢቀር ዜማው ጥርስ ያጣል። የሠለጠነ ባንድ ለዓመታት የሚለማመደውን መደማመጥ እነዚህ ገበሬዎች በትንፋሽ ይሠሩታል።

ከጊፋታ ውጭስ የት ይሰማሉ? እንግዳ ሲመጣ ነው። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ ሶዶ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር መቀመጫ ሆናለች፤ ስብሰባውም ጉባኤውም በዝቷል። ነፊዎቹ ከየቀበሌያቸው ተጠርተው ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ ይቆማሉ። መኪኖቹ ሲደርሱ ለጥቂት ደቂቃ ይነፋሉ፤ እንግዶቹ እያጨበጨቡ በመካከላቸው ያልፉና ጉታራ አዳራሽ ይገባሉ፤ በሩ ይዘጋል። ሙዚቃው ውጭ፣ ወንበሩ ውስጥ። ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ዲንካን ሙሉ ሰዓት ሲያዳምጥ አይቼ አላውቅም። ቆመው ያጨበጨቡለትን ነገር ተቀምጠው ቢሰሙት ምን እንደሚያገኙ አያውቁትም።

እንግዲህ ሳምንቱ ይህ ነው፤ ድምሩም ይገርማል። ማክሰኞ በጥሞና የሚያዳምጥ ሰሚ አለ፣ ሐሙስ ተከፋይ ሙዚቀኛ አለ፣ ቅዳሜ እዚያው የሚፈጠር ግጥም አለ፣ በጊፋታ የጥንቱ መሣሪያ አለ። አራቱ በአንድ ጣሪያ ሥር ተገናኝተው አያውቁም። ምክንያቱን ሰዎች ሃይማኖት ነው ይላሉ። እኔ ከሁለቱም ወገን ስለተጫወትኩ የማየው ሌላ ነው። የሶዶን ታዳሚ ለሁለት የከፈለው ከሙዚቃው ይልቅ ቢራው ነው። የኳየሩ ሰው ሆቴል የማይገባው የአያቱን ዜማ ጠልቶ አይደለም፤ ጠርሙስ በተደረደረበት ጠረጴዛ መካከል መታየት ስለማይፈልግ ነው። ከበሮው ሲመታ እግሩ ከጠረጴዛ ሥር ሲንቀሳቀስ በሠርግ ላይ አይቼዋለሁ።

ስለዚህ የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። በሳምንት አንድ ምሽት፣ ሐሙስ ቢሆን ይመረጣል፣ ቡናና ሻይ ብቻ የሚቀርብበት አንድ አዳራሽ። ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ተጀምሮ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ያልቃል፤ ለሆቴል ሥራ የሚሄደው ይሄዳል፣ ወደ ቤቱ የሚሄደውም ባጃጅ አያጣም። ፕሌይባክ ክልክል ነው። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት የነፊዎቹ ይሁን፤ ተቀምጠው ይጫወቱ፣ ተቀምጠንም እንስማቸው። ቀጥሎ በዋዜማ ግቢ የሚገጥሙት እናቶች፣ ከዚያ ድራምና ቤዝ ያለው ባንድ። የመግቢያ ዋጋው ከአንድ ቢራ አይብለጥ፤ የሚሰበሰበው ግን በሙሉ ለተጫዋቾቹ በእኩል ይከፈል፣ ለነፊዎቹ የትራንስፖርት አስቀድሞ ይሰጥ። አዳራሽ የዞኑም የዩኒቨርሲቲውም አለ፤ ማታ ማታ ባዶ ነው። ሰሚም አለ፤ ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ከ1999 ጀምሮ ከመላው አገሪቱ ወጣት ያመጣልናል፤ ብዙዎቹ ዲንካ ሳይሰሙ ተመርቀው ይሄዳሉ።

ይህ ትልቅ በጀት፣ ኮሚቴና የምረቃ ሪባን አይፈልግም። የሚፈልገው ቀኑ እንዳይለወጥ ነው። አንድ ሐሙስ አሥር ሰው ቢመጣም በሚቀጥለው ሐሙስ በሩ ይከፈት፤ ሰው የሚለምደው ቀኑን ነው። እኔ ለመጀመሪያው ምሽት ኪቦርዴን ተሸክሜ በነጻ እመጣለሁ። ለሁለተኛው ግን ቀብድ እቀበላለሁ፤ ሥራ ነውና።